የተራመዱት ችካሎች

ኅዳር 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለኩርፌ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ደህና ነው፣ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፣ በሩም እንደ ድሮው ሲከፈት ይጮኻል። ደህና ያልሆንሽው አንቺ ብቻ ነሽ። በልጅነትሽ ያወጣሁልሽ ስም ዘንድሮ በደንብ ልክሽ ሆኗል። ስልክ ስለማታነሺልኝ ይኸው ወረቀት ገዝቼ ተቀመጥኩ። የሚያደርስልሽ የኩባንያችሁ ሹፌር ነው፤ እሱ እንኳ አላኮረፈኝም።

«ለምን አደረግከው?» ላልሽኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም አላውቅም። አለቃሽ ቤቴ ገባ፣ ውሃ ጠማኝ አለ፣ ሰጠሁት። የብርጭቆውን አፍ በዚያ እጅ በሚያጠቁረው የእርሳስ ድንጋይ አሸት ያደረግኩት፣ ድንጋዩን ፍለጋ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው ይቀምሰው ብዬ ነው። ጥቁር ጢም አብቅሎ ሕዝብ ፊት እንደሚቆም በምን አውቃለሁ? ቢሮ የሚውል ሰው መስተዋት አይዝም? ደግሞ አምሮበት ነበር። «ወደፊት» ባለ ቁጥር ጢሙ ከፍ ዝቅ ሲል ባለወፍጮው ከአግዳሚው ወንበር ላይ ወደቀ።

ይቅርታ ጠይቅ ብለሻል። እሺ፤ ስብሰባው ስለተበተነ ይቅርታ። አለቃሽ መኪና ውስጥ ፊቱን ሲያይ ስለጮኸ ይቅርታ። አንቺንም ስላሳቅኩሽ ይቅርታ። አፍሽን በእጅሽ ሸፍነሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮብኛል፤ በጢሙ ሳይሆን በአንቺ ምክንያት። «ያንን የተዘጋ ጉድጓድ እንደገና ሊከፍቱ ሲመጡ ማሳህን ለምን ፈቀድክላቸው?» ይሉኛል። ከተማ ተቀምጠሽ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ፤ የድሮዎቹ ቆፋሪዎች እኔ ሳልወለድ ኮረብታውን ፈልፍለው ድንጋዩን ሲያወጡ ኖረው፣ ውሃ ፈንድቶ ቢያጥለቀልቃቸው ጥለውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከዋሻው አፍ የሚወጣው ውሃ ነው የዚህን ሸለቆ ሽንኩርትና ድንች የሚያበቅለው። ሌላ ውሃ የለንም። ኮረብታው ውስጥ ብረት ከገባ ውሃው ይሄዳል ብለው ይፈራሉ።

እኔ ምን አልኳቸው? «የእህቴ ልጅ ምላልኛለች፤ ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ ራሷ ለክታ ችካል ተክላለች፣ ዋሻውን አይነካም» አልኩ። ባለወፍጮው «የማለችው ለአንተ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም» አለኝ። ምን ልመልስለት? ልክ ነው። ስለዚህ ነይና በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። አንድ ቀን ይበቃል። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው።

ጢም የሌለው አጎትሽ


ኅዳር 19 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

አልመጣም። ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልጉት ይህን ስለሆነ ከላይ አስቀመጥኩት።

ሳቅሽ ላሉኝ፣ አልሳቅኩም። እያለቀስኩ ነበር። ከኩባንያው ሰዎች መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የአገሩም ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ሰዎቹን እኔ አውቃቸዋለሁ፣ አጎቴ ይረዳናል» ብዬ አለቃዬን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮ ስገባ አንዱ ሳይታክተው በጣቱ ከከንፈሩ በላይ ጢም ይሥልብኛል። እርስዎ በአንድ ብርጭቆ ውሃ የሠሩትን ለማስረሳት ስንት ዓመት እንደሚፈጅብኝ አላውቅም።

ድንጋዩም የእርሳስ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ግራፋይት ይባላል፤ ዛሬ ባትሪ የሚሠራው ሁሉ ይፈልገዋል። እርስዎ ለቀልድ በብርጭቆ ላይ ያሹት ነገር፣ ከተማ ወርደው የቀን ሥራ የሚለምኑትን የጎረቤቶችዎን ልጆች ሰው የሚያደርጋቸው ነው። ያ ማዕድን ቢከፈት መንገድ ይመጣል፣ መብራት ይመጣል። ይህን እንዲሰሙ ነበር ስብሰባው የተጠራው። ጢም አዩ።

ስለ ውሃው የማልኩትን እደግመዋለሁ። የድሮዎቹ ቆፋሪዎች የተዉት ካርታ አለኝ። ካርታው የሚነሳው በማሳዎ ጥግ ካለው ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ሌላ መነሻ የለውም። ከዚያ ተነስቼ በእጄ ለክቼ ነው ችካሎቹን የተከልኩት። ከችካሎቹ ወደ ኮረብታው በኩል፣ አንድ ቤት የሚያህል ከፍ ብሎ፣ ውሃ የሞላው ዋሻ ያልፋል። ማሽኑ ችካሎቹ ባሉበት ከሰረሰረ ዋሻውን አይነካም፣ ውሃውንም አይነካም። ለባለወፍጮውም ይህንኑ ይንገሩት።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ችካሎቹን አይንኩ። እርስዎን ስለማውቅ ነው። ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጫማዬን ካስቀመጥኩበት አግኝቼው አላውቅም። የትምህርት ቤቱ የኳስ ሜዳ ግብ ከጨዋታው በፊት ማን እንዳጠበበውና ሁለቱ ቡድኖች ለምን ጎል እንዳጡ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እኔ አውቃለሁ። ያኔ እንድስቅልዎ ፈልገው ነበር። አሁን የሥራ ጉዳይ ነው።

ቤቱንና ዶሮዎቹን ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለክብርት መሐንዲስ፣

«እርስዎ» የሚለውን ሳነብ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። የቆመችው ጥቁሯ ዶሮ ነበረች። ለእሷ ከሆነ የጻፍሽው፣ ደብዳቤሽ ደርሷታል፤ ጤና ይስጥልኝ ብላለች።

ለባለወፍጮው ንገረው ያልሽኝን ልነግረው ሄጄ ነበር። እህሌን ይዤ ነው የሄድኩት፣ ነገር ለማለስለስ። ገና በሩ ላይ ሳለሁ «ወፍጮው ተበላሽቷል» አለኝ። ወፍጮው እያጓራ ነው። «ምን አልክ?» አልኩት። አልሰማ አለኝ። ጮኼ «ምን አልክ?» ስለው፣ እሱም የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ጮኾ «ተበላሽቷል!» አለኝ። እንዲህ እየተጯጯህን ዱቄቱ በመሃላችን ይወርዳል። እህሌን ተሸክሜ ተመለስኩ፤ አሁን በድንጋይ እየፈጨሁ ነው። ክንዴን ብታዪው ታፍሪ ነበር፣ እንደ ወጣት ፈርጥሟል።

ሚስቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ወደ ሌላ በኩል ትሻገራለች። ሌላ በኩል በሌለበት ቦታ ላይ እንኳ ትሻገራለች፤ ባለፈው ቦይ ውስጥ ገባች። የውሃ ተራዬንም ሳይጠይቁኝ ወደ መጨረሻ ወስደውታል። እኔ የምለውን የሚሰማ የለም ኩርፌ። የእኔ ቃል እዚህ ሰፈር አልቋል። የቀረው የአንቺ ቃል ነው።

ስለ ችካሎቹ ጠይቀሽኛል። ደህና ናቸው። እንዲያውም ጤንነታቸው ከመጠን ያለፈ ስለሆነ በእግራቸው መሄድ ጀምረዋል። ቀዝቃዛ አየር ፈልገው መሰለኝ ወደ ወንዙ በኩል ወረድ ብለዋል። ምን ያህል? አንድ ቤት የሚያህል፤ ያንቺው መለኪያ ነው። ሥራ ስለሚበዛብሽ መጥተሽ መልሰሽ መትከል አይመችሽም አይደል? እንግዲህ ማሽኑ ሲመጣ ወንዝ ዳር ይቆማል፣ አሳ ያወጣልሻል።

ካልሆነም ነይ።

የችካል እረኛ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ተናድጄ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፣ ከበሩ እስከ ማሳው እየተከተልኩ እሰድብዎታለሁ፣ ከዚያ ደክሞኝ ቁጭ ስል ይስቁብኛል፣ እኔም እስቃለሁ ብለው አስበው ከሆነ ተሳስተዋል። ተናድጃለሁ። አልመጣም።

የጻፉልኝን ለአለቃዬ አልነገርኩም። ቢሰማ ፖሊስ ነበር የሚልክብዎት። እኔ ግን እርስዎን ለመቅጣትም ሆነ ለማባበል ጊዜ የለኝም። ለማሽኑ ኃላፊ ደውዬ ማድረግ ያለበትን ነግሬዋለሁ፣ ነገሩ አልቋል። ከእንግዲህ ችካሎቹ ቢቆሙ፣ ቢሄዱ፣ ቢጨፍሩም ግድ የለኝም።

ማሽኑ በሚቀጥለው ሰኞ ይደርሳል። በዚያ ሳምንት ማሳው አጠገብ አይድረሱ። ከሠራተኞቹ ጋር አይጫወቱ፣ ውሃም አይስጧቸው።

የባለወፍጮውን ታሪክ አንብቤዋለሁ። አላሳቀኝም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

በሹፌሩ የላክሽው ጥያቄ ሰላምታ የለውም። እኔም ልተወውና ልመልስልሽ።

ድምፅ ነበረው ወይ ላልሽው፣ ነበረው። የላም ሆድ ሲያጉረመርም ጆሮሽን አስጠግተሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ። እንደዚያ ያለ፣ ከእግራችን ሥር። ከዚያ የማሽኑ ሰዎች መሣሪያቸውን እየጣሉ ሮጡ። አንቺ ሰው ተጎድቷል ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ማንም አልተጎዳም።

ውሃው ምን ሆነ ላልሽው፣ ከዋሻው አፍ መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከዚያ ቀጠነ። ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ደርሰው ነበር፤ ግማሽ ባልዲ እንኳ ሳይሞላ ቆመ። የማሽኑ ኃላፊ፣ ብረቱ ዋሻው ላይ አርፎ የበሰበሰውን ጣሪያ ስለደረመሰው ውሃው መንገድ ተዘግቶበታል አለን። የጠፋ ግን አይምሰልሽ። ቢጠፋ ይሻል ነበር። ሌላ መውጫ አበጅቶ ከማሳዎቹ በታች፣ ከገደሉ ሥር ይፈስሳል። ከላይ ቆመን እናየዋለን። ሰው ሽንኩርቱ ጠውልጎበት ማሳው ዳር ተቀምጦ የውሃ ድምፅ ይሰማል። በጫንቃ ተሸክሞ ማሳ የሚያጠጣ የለም።

ባለወፍጮው ከዚያ ወዲህ አልጮኸብኝም። መጥቶ በሬ ላይ ቆመና ሲያየኝ ቆየ፣ ከዚያ ሄደ። ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር።

ማሽኑ በትክክል የት ነበር የቆመው ላልሽው፣ ከችካሎቹ በላይ፣ ወደ ኮረብታው በኩል ነው የቆመው። ሲያቆሙት ከአጥሬ ሆኜ አይቼ «ኧረ ችካሎቹ እዚህ ናቸው!» ብዬ ጮኼያለሁ። ኃላፊው «አንተ ሰውዬ ወደ ቤትህ ግባ፤ ስለ አንተ ተነግሮኛል» አለኝ። ሁሉ ነገር ከሆነ በኋላ ለምን እዚያ እንዳቆመው ስጠይቀው «ከቢሮ ታዝዤ ነው» አለ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ከቢሮ ማን ነው ያዘዘው?

አጎትሽ


ጥር 15 ቀን

ለአጎቴ፣

እኔ ነኝ ያዘዝኩት።

ችካሎቹን አንድ ቤት የሚያህል ወደ ወንዙ አውርጃለሁ ብለው ጽፈውልኛል። ስለዚህ ኃላፊውን «ከችካሎቹ አንድ ቤት የሚያህል ወደ ኮረብታው ከፍ ብለህ ቁም» አልኩት። ወደ መጀመሪያ ቦታቸው እንዲመለስ ማለት ነው። ከእርስዎ ልክ ተነስቼ አስተካከልኩ። ለካስ ልኩም ውሸት ነበር! ምን ያህል ነበር ያወረዷቸው? ሁለት ክንድ? ሦስት? ክፉ ሥራ ሲሠሩ እንኳ ልኩን በትክክል መናገር እንዴት ያቅትዎታል?

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የመሬቱ ባለቤት ምልክት ነክቶ ከሆነ ኩባንያው አይጠየቅም፣ ማሽኑን ጭኖ ይሄዳል። ስህተቱ የኩባንያው ባለሙያ ከሆነ ግን ውሃውን ከገደሉ ሥር በፓምፕ አውጥቶ ወደ ማሳዎቹ መመለስ አለበት። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ኮሚቴው ፊት ቀርቤ እናገራለሁ።

የምናገረውንም ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። አጎቴ ምልክቱን ነክቷል እላለሁ። እውነቱ ስለሆነ። ጎረቤቶችዎ ውሃ ያጡት በእኔ ሳይሆን በእርስዎ ጨዋታ ነው፤ ይህንንም ለባለወፍጮው ይንገሩት። የተማርኩትን ሁሉ፣ ያገኘሁትን ስም ሁሉ ለእርስዎ ሳቅ አልከፍልም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 24 ቀን

አልነካኋቸውም።

ሰላምታውን ኋላ ታገኚዋለሽ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቢ። ችካሎቹን አልነካኋቸውም። አንዱንም አልነቀልኩም፣ አንዱንም አላዘነበልኩም። ዶሮ እንዳትወጣባቸው እንኳ እሽ ስል ነው የከረምኩት። የጻፍኩልሽ ተረብ ነበር።

ለምን? ስልክ አታነሺም። ነይ ብዬ ብለምንሽ አልመጣም አልሽ። አንቺን ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ በልመና አትመጪም፣ በንዴት ግን ትመጫለሽ። ትምህርት ቤትሽ መጥቼ አስተማሪሽን በአንቺ ያሳቅኩ ቀን፣ ደብተርሽን ጥለሽ መንገዱን ሁሉ እየሮጥሽ ደርሰሽብኝ በድንጋይ አባረሽኝ የለ? አሁንም እንደዚያ እየተንጨረጨርሽ ትደርሻለሽ፣ ችካሎቹ አንቺ በተከልሽበት ቆመው ታያለሽ፣ ትሰድቢኛለሽ፤ ከዚያ አንዴ ከመጣሽ አይቀር ከሰዎቹ ጋር ትነጋገሪያለሽ ብዬ ነው። ዕቅዴ ይኸው ነበር። በዕድሜዬ እጄን የሰበሰብኩት ይህችን አንድ ጊዜ ነው።

አንቺስ? ስንት እውነት ነግሬሽ አላመንሽኝም፤ አምነሽ አምነሽ ይህንን አመንሽ? ሹፌሩ በየሳምንቱ ይመላለሳል። «እስቲ ወርደህ ችካሎቹን እይልኝ» ማለት አቃተሽ? ኃላፊውን «ቀድመህ ለካ» ማለት አቃተሽ? መጥተሽ ፊቴን ከምታዪ ኮረብታውን በጭፍን መብሳት ቀለለሽ።

ሰው ላኪ። ከጥርቡ ድንጋይ ተነስቶ ይለካ። ሣሩ ዙሪያቸውን ወጥቶ ደርቋል፤ የተነቀለ ነገር ሥር ሣር አይቆምም።

አሁን ስለ ኮሚቴው። እኔ ነክቻለሁ ልልልሽ እችል ነበር። ነገሩ የእኔና የአንቺ ብቻ ቢሆን፣ እስር ቤትም ቢሆን፣ እልልሽ ነበር። በእኔ ዕድሜ ስም ምን ያደርግልኛል? ግን እኔ ነክቻለሁ ካልኩ ማሽኑ ተጭኖ ይሄዳል፣ ውሃው ገደል ሥር ይቀራል፣ ይህ ሁሉ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይሰደዳል። ስለዚህ አልልልሽም። እውነቱን ብትናገሪ ሥራሽን እንደምታጪ አውቃለሁ። አውቄ ነው እንድትናገሪ የምጠይቅሽ። ይቅር እንድትዪኝም አልጠብቅም።

ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት የጠወለገ ሽንኩርት ተቆልሎበት አገኘሁ። ማን እንዳመጣው አልጠየቅኩም። ክምሩ የአንድ ሰው ማሳ አይመስልም።

ሰላምታው ይኸው፤ እንደምን ሰነበትሽ።

አጎትሽ


የካቲት 8 ቀን

ለአጎቴ፣

የኩባንያውን ቀያሽ ልኬ ነበር። ከጥርቡ ድንጋይ ተነስቶ ለካ። ችካሎቹ እኔ በተከልኩበት ናቸው።

ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። ይቅርታ እየጠበቁ ከሆነ ግን አልጠይቅም። ለምን አመንሽኝ ብለዋል። ያመንኩት የሚታመን ነገር ስለሆነ አይደለም፤ የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ ነው። እስከ ዛሬ ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት በእጄ እዳስሳለሁ። ቢሮ ውስጥ፣ ሐኪም ቤት፣ ሰው ቤት። ሰዎች ንጽሕና የምወድ ይመስላቸዋል። እርስዎ ያሳደጉት ልጅ አንድ ነገር ካስቀመጠችበት ቦታ ይገኛል ብላ አታስብም። አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም። ኮረብታውን በጭፍን የበሳሁት ያ ነገር ገፋፍቶኝ ነው።

እንዲያም ሆኖ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ይህንንም አውቃለሁ።

አለቃዬ ጠርቶኝ ነበር። በሩን ዘጋና «ቀያሹ የለካውን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፣ እሱም የእኔ ሠራተኛ ነው» አለኝ። «አጎትሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ነካው ብትዪ ማን ይጠራጠርሻል?» ይህን ሲል ሳያስበው ከንፈሩን በጣቱ ጠረግ አደረገ። አልሳቅኩም፤ ሊያስቀኝ ትንሽ ነበር የቀረው፣ በዚህም ጠላሁዎት። ከዚያ ሌላ ቦታ አዲስ ቁፋሮ እንደሚጀምሩ፣ ኃላፊም እንደሚፈልጉ ነገረኝ።

ኮሚቴው በዚህ ወር መጨረሻ ይሰበሰባል። እዚያ ምን እንደምል አልነግርዎትም። አስቀድሜ የነገርኩዎትን ልለው እችላለሁ፣ ሌላም ልል እችላለሁ። አሁን እርስዎ ይቀመጡና ይጠብቁ። የሚወዱት ሰው ነገ ምን እንደሚያደርግብዎት ሳያውቁ መኖር ምን እንደሚመስል እስቲ ትንሽ ይቅመሱት።

ደግሞ አትጻፍልኝ። አይጻፉልኝ።


መጋቢት 11 ቀን

ለኩርፌ፣

አትጻፍልኝ ብለሻል። እንግዲህ የታዘዝኩትን አድርጌ አላውቅም።

ወረቀቱ ደርሷል። ሹፌሩ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበልን። ስህተቱ የባለሙያዋ ነው፣ የመሬቱ ባለቤት ምልክት አልነካም፣ ኩባንያው ከገደሉ ሥር ፓምፕ ይተክላል፣ እስከዚያው በቦቴ ውሃ ያመላልሳል ይላል። ባለሙያዋ ምን እንደሆነች አይልም። እሱን ሹፌሩ ለብቻዬ ነው የነገረኝ። ከስብሰባው ወጥተሽ ዕቃሽን በካርቶን እንዳደረግሽ፣ ከነዚያ ሁሉ ሰዎች አንድም ደረጃው ድረስ እንዳልሸኘሽ፣ እሱ «ላድርስሽ» ቢልሽ «የኩባንያ መኪና ነው» ብለሽ በእግርሽ እንደሄድሽ። እንደ አንቺ ያለ ግትር አይቼ አላውቅም። የማንን ደም እንደወረስሽ አትጠይቂኝ።

ወረቀቱ ተነቦ ሲያልቅ ባለወፍጮው መጣና አቀፈኝ። ዱቄት በዱቄት አደረገኝ። «በከንቱ ነው ያማንህ» አለ። ሚስቱ ወንበር አመጣች፤ ያቺ ቦይ ውስጥ የገባችዋ። ሁላቸውም ዙሪያዬን ተቀመጡና አንቺን መስደብ ጀመሩ።

«ያቺ እርጉም! የዚህን ውሃ ጠጥታ አድጋ!»

«አጎቷን እንኳ አላዘነችለት! ስንት ወር ሙሉ ስንሰድበው!»

«ትምጣ ብቻ! እግሯ ይህን መንገድ ይርገጥ፣ የምላትን እኔ አውቃለሁ!»

እኔም መሃላቸው ተቀምጫለሁ። አልዋሽሽም ኩርፌ፤ ወንበሩ ተመችቶኝ ነበር። ሰው ሲያናግርሽ ደስ ይላል፣ ከረሳሁት ቆይቶ ነበር። ጥቂት ተቀመጥኩበት። ሁለት ስድብ ያህል ዝም ብዬ አሳለፍኩ፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ተነሳሁ።

«እሷን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ባለወፍጮው «ምን አድርገህ?» አለ።

«ችካሎቹን ነቅያለሁ ብዬ ጽፌላት ነው።»

«ነቅለህ ነበር እንዴ?»

«አልነቀልኩም።»

«ታዲያ ለምን ነቀልኩ አልክ?»

«እንድትመጣ።»

ባለወፍጮውን አየሁት፤ ይሄኔ ይስቃል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረኝም፣ ሳስበው የእብድ ሥራ ነዋ። አልሳቀም።

«ሰባት ልጅ ያለው ሰው ማሳው እስኪደርቅ፣ አንተ ልጅቷ ናፍቃህ ነው?» አለኝ።

ሚስቱ ወንበሩን አንስታ ይዛው ገባች።

እንግዲህ እንዲህ ሆነናል። አንቺን መስደብ አላቆሙም፣ አትሳሳቺ። እኔን ጨመሩበት እንጂ። ቀድሞ የሰደቡኝ ባላጠፋሁት ነበር፣ አሁን ባጠፋሁት ነው፤ ልዩነቱ ይሰማኛል፣ ይህኛው ይቆረቁራል ግን ያስተኛል። አንቺ እዚያ ያልሽውን እኔ እዚህ ሳልል ብቀር ኖሮ፣ በዚያ ወንበር ላይ በአንቺ ስድብ ደልቶኝ እቀመጥ ነበር። ያን ያህል አልከፋሁም።

ወንበር የምትዳስሺበትን ነገር ጽፈሽልኛል። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ቀልድ አልመጣልኝም።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ነይ ነይ ስልሽ ከርሜያለሁ። አሁን አትምጪ። ሥራ ፈትቻለሁ፣ የምሄድበት የለኝም ብለሽ አውቶቡስ ላይ እንዳትወጪ። ፓምፑ ይተከል፣ ሽንኩርቱ እንደገና ይብቀል፣ ሰዉ ትንሽ ይርሳ። ዘንድሮ ብትመጪ ባለወፍጮው በአፉ ብቻ የሚመለስ አይመስለኝም። እዚህ ማንም እንደማያተርፍሽ፣ እኔም እንደማልችልላቸው አይቻለሁ። አትምጪ። ይህን የምልሽ እንድትመጪ ብዬ አይደለም። አትምጪ ማለቴ ነው።

የምጽፍልሽ ቦቴው ጋ ተሰልፌ፣ ጄሪካኔ ላይ ተቀምጬ ነው። የመጨረሻው ሰው እኔ ነኝ። ከኋላዬ የሚደርስ ሁሉ ከፊቴ ይገባል። ከፊቴ ያለችው ሴት ጀርባዋን እንደ ግድግዳ አድርጋ ሰጥታኛለች፤ ወረቀቱን እሱ ላይ አስደግፌ ብጽፍ እጅ ጽሑፌ ያምር ነበር፣ ግን አልሞከርኩም። ውሃው እስከ እኔ ይደርስ እንደሆነ እንጃ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ጄሪካኔን ገፋ ላድርገው።

አጎትሽ